ዘሩ ተኝቶ ነው

እኔ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም፣ አላምንም ስል ደግሞ እንደ አንዳንዱ ሰው ቀን ቀን አላምንም ብዬ ሲመሽ በሬን ሁለቴ የምቆልፍ አይደለሁም፣ ከልቤ ነው። ዓለም ከተማ ባደግኩበት ሰፈር አንድ የሾላ ዛፍ ነበረ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሰው በሥሩ አያልፍም፣ እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሆን ብዬ እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጬ ቆሎዬን ጨርሼ ነበር ቤት የምገባው፣ እናቴ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን ትለከፋለች» ትል ነበር፣ አልተለከፍኩም። ስለዚህ የምነግራችሁን ተረት ነው ብትሉኝ አልቀየማችሁም፣ እመኑኝ፣ ከሌላ ሰው ብሰማው እኔም ሳቄን ነበር የምለቀው።

ሥራዬ ጭቃ ማጠብ ነው። ያስቃል አይደል? በክረምት ውሃ የሚተኛባቸው፣ በበጋ ደግሞ ደርቀው የሚሰነጣጠቁ ረግረጎች አሉ፣ ውሃው ሲሄድ ቄጤማውም የውሃ ሣሩም ይሞታል፣ ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ይቀራል፣ አንዳንዱ ለዓመት፣ አንዳንዱ ደግሞ ሰው ተወልዶ ልጅ እስኪያደርስ ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔ ያንን ጭቃ በብረት ቱቦ እያወጣሁ፣ በወንፊት እያጠብኩ፣ ደብረ ብርሃን ወስጄ ግሪንሃውስ ውስጥ ትሪ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ውሃ እያጠጣሁም የበቀለውን እቆጥራለሁ። በቃ፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ከጀመርኩት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ጭቃ አንድም ቀን አናግሮኝ አያውቅም ነበር።

ያለፈው የካቲት ነው፣ መንዝ ውስጥ ከዘመሮ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ቀበሌ ተላክሁ፣ ስሙን ተዉት፣ ሰዎቹ ወሬ አይወዱም። ከደብሩ ግርጌ አንድ ሰፊ ጨፌ ነበራቸው፣ መሀሉ እስከ ፋሲካ ውሃ የማያጣ፣ ቀዳም ስዑር ዕለት ካህናቱ የሚያድሉት፣ ሰው ራሱ ላይ የሚያስረው ቄጤማ ሁሉ ከዚያ ይታጨድ ነበር፣ አሁን ከቆላ በጭነት መኪና ነው የሚያስመጡት፣ ያውም እስኪታደል ድረስ ይጠወልጋል። ጨፌውን ያደረቀው በመሀሉ የተቀደደ አንድ ቦይ ነው። የቦዩ ነገር እንዲህ ነው፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው፣ ደምሴ የሚባል ሰው፣ የሠርጉ ቀን የተቆረጠለት፣ በነሐሴ ዝናብ የሰጠመች ላም ሊያወጣ ገባ፣ ላሟ ወጣች፣ እሱ አልወጣም። አገሬው ሬሳውን ለማግኘት ቦይ ቀዶ ውሃውን አፈሰሰው፣ ውሃውም ሄደ፣ ቄጤማውም ሄደ፣ ደምሴ ግን አልተገኘም።

እናቱ እትዬ አስካለ ይባላሉ። ቦዩ የሚወጣው በሳቸው ማሳ በኩል ነው፣ እና በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ አካፋቸውን ይዘው ደለሉን ይጠርጋሉ፣ ውሃ ተመልሶ ከተኛ ልጃቸው በዚያው ሊቀርባቸው ነው፣ መሬቱ ደርቆ ከቆየ ግን አንድ ቀን አጥንቱን ይሰጠኛል፣ ከአባቱ ጎን አስቀብረዋለሁ ይላሉ። እስከዚያው ፍትሐት የለም፣ ተዝካርም አልወጣም። «ያላየሁትን ሬሳ ሞተ ብዬ አላስፈታም» ብለው እንቢ እንዳሉ አሥራ ሰባት ዓመት። ጨፌው ከደረቀ ወዲህ ከታች ያለው ምንጭ እየነጠፈ ስለሆነ አገሬው ቦዩ ቢዘጋ ይወዳል፣ ግን ማን አፍ አውጥቶ ይንገራቸው? ስለዚህ ሽማግሌዎቹ መከሩ፣ መጀመሪያ ዘሩ መኖር አለመኖሩ ይጣራ፣ የቄጤማው ዘር ሞቶ ከሆነ የሴትዮዋን ቁስል በከንቱ አንነካካ፣ ካለ ግን እግራቸው ላይ ወድቀን እንለምናለን ተባባሉ። እኔ የተጠራሁት ለዚህ ነው።

የመጣሁት እሑድ ስለነበረ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ቄሰ ገበዝ አባ ተክሌ ለሕዝቡ አስተዋወቁኝ። «ይቺ ልጅ የሺ ትባላለች፣ መርሐቤቴ ናት፣ ቆለኛ ናት፣ ብርዱ ሳይገድላት ቆፍራ እንድትሄድ ተባበሯት» ብለው አሳቁብኝ። እኔም አንደበተ ርቱዕ ነኝ ባይ አይደለሁ፣ ቆምኩና «እኔ የመጣሁት እዚህ መሬት ውስጥ ዘር መኖሩን ላጣራ ነው» አልኩ። «ዘር ደግሞ በቀላሉ አይሞትም፣ ሞተ የምንለው ብዙ ጊዜ ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም፣ ውሃ ሲያገኝ ይነሳል።» ሰዉ ሁሉ ጸጥ አለ፣ እኔ ንግግሬ ያማረ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ማረፊያዬ እትዬ አስካለ ቤት ሆነ፣ ለጨፌው የሚቀርበው የሳቸው ቤት ነው። ያን ዕለት ማታ እንቢ ብላቸውም እግሬን በሙቅ ውሃ ማጠብ ያዙ፣ እጃቸው ሻካራ ነው፣ አነካካቸው ግን እንደ እናት ነው።

«ልጄ፣ ያልሽውን ሳሰላስል ዋልኩ» አሉኝ። «ዘሩ እውነት ተኝቶ ነው?»

«ይመስለኛል እትዬ።»

«አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ?»

«እንዴ፣ ከዚያም በላይ ይቆያል!»

«ሲነሳስ ያው ራሱ ነው? አይለወጥም?»

«ምን ይለውጠዋል፣ ያው ራሱ ነው» አልኩ እያዛጋሁ፣ ከሌሊት ጀምረን በመኪና ስንገጫገጭ ነበር የመጣነው።

እግሬን እንደያዙ «ተባረኪ፣ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም» ብለው ሳሙት፣ እግሬን! እኔም የመንዝ ሰው እንግዳ ሲቀበል እንዲህ ነው ማለት ነው ብዬ ባናዬን ተከናንቤ ተኛሁ።

በማግስቱ ለአባ ተክሌ «እትዬ አስካለ እኮ ስለ ዘር አጠያየቅ ያውቃሉ» ብዬ የተባባልነውን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «እኛ አገር ዘር ሲባል ምንድነው? ዘርሽ ይባረክ ስትባዪ ስንዴሽን ነው እንዴ የሚባርኩልሽ?» ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሴትዮዋ ስለ ልጃቸው ነበር የጠየቁኝ፣ እኔም አዎ፣ ተኝቶ ነው፣ ይነሳል፣ ራሱ ነው የሚነሳው ብያቸዋለሁ፣ እያዛጋሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እንዴት አድርጌ ልመልሰው? ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ አልኩ፣ ማታ ፊታቸው በርቶ የገብስ ቂጣ በአሬራ ሲያቀርቡልኝ ነገ ይሻላል አልኩ። እንዲህ ዓይነት ፈሪ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በሦስተኛው ቀን ነው፣ ማታ እንዳይመስላችሁ፣ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አብረውኝ የሚቆፍሩት ሰዎች ለቅሶ ነበረባቸውና ቀደም ብለው ሄደዋል፣ እኔ ጭቃ የማወጣበት ጥቂት ነጥብ ስለቀረኝ ብቻዬን ጨፌው መሀል ነበርኩ። መሬቱ ጡብ ነው፣ ስንጥቁ ጡጫ ያስገባል፣ ቱቦዋን ስንዝር ለማስገባት ሠላሳ ጊዜ በመዶሻ እመታለሁ። ጉም ከታች ካለው ገደል ሥር ተነስቶ መጣ፣ መንዝ ላይ ጉም ሲመጣ አያስታውቅም፣ አሁን ያየሁት ደብር አሁን የለም፣ ከቦቲ ጫማዬ ወዲያ ምንም አይታየኝም። ይገፈፋል ብዬ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ አንድ እንቁራሪት ጮኸች። በየካቲት እንቁራሪት! ቦዩ ውስጥ ያቆረ ውሃ ይኖራል አልኩ፣ ቦዩን ግን ጠዋት አይቼዋለሁ፣ ደረቅ ነው። ቀጥሎ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ዙሪያዬን ሞሉት፣ ልክ እንደ ክረምት። ከዚያ የቄጤማ ሽታ መጣ፣ እርጥብ፣ አሁን የታጨደ፣ ይህን ሽታ የማያውቅ የለም መቼስ። እኔ ግን ልማድ ነውና ደብተሬን አውጥቼ «ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፣ እንቁራሪት፣ ብዛቱ ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ፣ እስካሁን አለ፣ ጽሑፉ ጠማማ ነው። እየጻፍኩ ሳለ ሰው በውሃ ውስጥ ሲሄድ ሰማሁ፣ እስከ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ እግሩን እየጎተተ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቀ። ጫማዬን አየሁ፣ ደረቅ ነው። መሬቱን በእጄ ዳሰስኩ፣ ደረቅ ነው።

«ማነው?» አልኩ።

እርምጃው ቆመ። እኔ ደግሞ ስፈራ እልህ ይይዘኛል፣ ተነስቼ ወደሚቀጥለው ነጥብ ልራመድ እግሬን አነሳሁ።

«እዚያ ጋ አይርገጡ» አለኝ፣ «ይሰምጣል።»

የወንድ ድምፅ ነው፣ የደከመ፣ እርጋታ ያለው፣ ሦስት ክንድ ያህል ብቻ ከሚርቅ ቦታ። ብታምኑኝም ባታምኑኝም ድምፁ አላስፈራኝም፣ ያዘነልኝ ሰው ድምፅ ነው። «ደረቅ እኮ ነው!» ብዬ መለስኩለት፣ አዎ፣ ተከራከርኩት፣ ጉዴን እዩልኝ። «አይርገጡ» አለ እንደገና፣ እንደ መለመን አድርጎ። እኔም ላሳየው ብዬ ካለሁበት ሳልነቃነቅ ቱቦዋን ወደ ፊት ሰድጄ ለቀቅኋት፣ ሠላሳ ጊዜ የሚመታላት ቱቦ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላዋ ጠለቀች፣ እስከ እጀታዋ ድረስ፣ ከእጄ ወጥታ ሄደች። እዚያው ቁጭ አልኩ፣ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ጉሙ ሲገፈፍ እንቁራሪት የለ፣ ውሃ የለ፣ መሬቱ ያው የተሰነጣጠቀ ነው፣ የቱቦዋ እጀታ ብቻ አንድ ጣት ያህል ብቅ ብሏል። በነጋታው ሦስት ጎልማሶች በዲጅኖ ቢታገሉ ሊነቅሏት አልቻሉም። ለቱቦዋ ማብራሪያ አላጣም፣ ከሥር የተሸፈነ የጭቃ ኪስ ይኖራል፣ ብረቱን ነክሶ ይይዛል፣ ለድምፁ ግን የለኝም።

በቀጥታ አባ ተክሌ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ይስቁብኛል ስል እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«አንቺ አለሽ ወይስ አንቱ?»

እስከዚያ ድረስ ልብ አላልኩትም ነበር። «አይርገጡ» ነው ያለኝ። ለእኔ፣ አፈር ለብሼ መሬት ላይ ለተቀመጥኩ ሴት።

አባ ተክሌ አማተቡ። «ደምሴ ለሕፃን እንኳ አንቱ ነበር የሚለው» አሉ። «ጓደኞቹ ለላሚቱም አንቱ ይላታል እያሉ ይሳለቁበት ነበር።» ቆፍረን እንይ እንዴ ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «አንዴ ቆፍረን አጥተነዋል፣ ሁለተኛ ብናጣው እናቱ አትተርፍም፣ ይህን ነገር እንዳትነግሪያት» አሉኝ። እኔም ማልኩላቸው።

ያን ዕለት ማታ ግን የዘሩን ነገር ከዚያ በላይ ማሳደር አልቻልኩም። እትዬ አስካለ ምድጃው አጠገብ የበግ ፀጉር እየፈተሉ ነበር።

«እትዬ፣ ያን ቀን ተኝቶ ነው ያልኩት የሣሩን ዘር ነው» አልኳቸው። «የቄጤማውን።»

እንዝርቱ መሽከርከሩን ተወ። «አሃ» አሉ፣ «የሣሩን።» እሳቱን ቆሰቆሱና «እንግዲያ የኔው ሞቷላ» አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው፣ ጥያቄ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አገሬው ሁሉ የሸሸውን ጥያቄ እኔ ላይ ጣሉት፣ እኔ ደግሞ ከዚያ ጨፌ መሀል ከመጣሁ አምስት ሰዓት እንኳ አልሞላኝም፣ ያ ድምፅ ገና ጆሮዬ ውስጥ ነው።

«አዎ እትዬ፣ ሞቷል» አልኩ።

አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ትክክለኛውን ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፣ አሁንም አንዳንድ ቀን ይመስለኛል። ሲነጋጋ ፊታቸውን ታጥበው ጠሩኝና «ከሞተስ ይፈታ፣ አባ ተክሌ ፍትሐቱን ያድርጉለትና ቦዩን ዝጉት፣ አፈሩ ከከለከለኝ ውሃው ያልብሰው» አሉ። እንዲህ ሲሉ አንድ ክንድ ያጠሩ መሰለኝ።

ጭቃዬን ይዤ ተመለስኩ። ትሪዎቹ ላይ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እንደ መርፌ የቀጠነ አረንጓዴ ብቅ አለ፣ ቄጤማው ነው፣ አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቆ። ለወትሮው ዘር ሲበቅልልኝ ደስ ይለኛል፣ ያን ጠዋት ግን ግሪንሃውሱ ውስጥ ብዙ አልቆየሁም።

ግንቦት ላይ ለቦዩ መዝጊያ ጠሩኝ። አገሬው በደቦ ወጥቶ ድንጋዩንና ጭቃውን ከመረ፣ አንድ ክንድ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ተረፈች፣ እሷ ከፍትሐቱ በኋላ እንድትዘጋ። ጉሙ ዝቅ ብሎ ጨፌው ላይ ተኝቷል፣ አባ ተክሌ መጽሐፋቸውን ይዘው ዳር ላይ ቆመዋል፣ እትዬ አስካለ ነጭ ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ እኔ ከጎናቸው ነኝ። ለሙት የሚደገመው በክርስትና ስም ነው፣ መቼም ታውቃላችሁ፣ ያንን ስም ደግሞ እናቱ ለአባ ተክሌ በጆሯቸው ነበር ያንሾካሾኩላቸው፣ አገሬው ደምሴ ብቻ ነው የሚለው፣ ሌላ ስሙን ማንም አያውቅም። አባ ተክሌ ሲደግሙ ሲደግሙ ቆዩና ስሙ ጋ ደረሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ነፍሰ ገብርከ ኃይለ ሚካኤል» አሉ።

«አቤት» አለ።

ከጉሙ ውስጥ ነው። ጩኸት አይደለም፣ ጓዳ ሆኖ ሥራ ላይ እያለ የተጠራ ሰው የሚመልሰው አቤት ነው። አባ ተክሌ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ከኋላ አካፋ ይዘው የቆሙት ምንም አልሰማንም ይላሉ፣ ዲያቆኑ ወፍ ነው ይላል፣ ይበል። እኔ ሰምቻለሁ፣ አባ ተክሌም ሰምተዋል።

እትዬ አስካለ መሬቱን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። «ይቁም አባ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ ፊቴ ላይ ምን እንዳነበቡ አላውቅም፣ ሁሉም ሰው ደንግጦ ሳለ እኔ ያልደነገጥኩት ይሆናል፣ ድምፁን አውቄው ነበራ።

«አንቺ ቀድሞም ሰምተሽው ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ሰምተሽው ነው ሞቷል ያልሽኝ» አሉ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡኝ በወደድኩ። ነጠላቸውን አጣፉ፣ ከክምሩ አንድ ድንጋይ በሁለት እጃቸው አቅፈው አነሱ፣ ማንም ሊያግዛቸው አልደፈረም፣ ቀዳዳዋ ውስጥ ወሸቁና ጭቃውን በመዳፋቸው መረጉት። «ውሃው ይምጣ» አሉ አገሬውን እያዩ። «መጀመሪያ የነገረችኝ ነው እውነቱ፣ ተኝቶ ነው።»

ውሃው መጣ። ክረምቱ ደግ ነበር፣ ምንጩ ተመለሰ፣ ቄጤማውም ደረት ደርሷል አሉ፣ እኔ ኅዳር ላይ ሄጄ መቁጠር አለብኝ፣ እስካሁን የጉዞ ፎርሙን አልሞላሁም። ባለፈው ሳምንት አባ ተክሌ ደወሉ። ሰላምታ ሲያበዙ ነገር እንዳላቸው ገባኝ።

«የሺዬ፣ እንቅልፍ አጣሁ» አሉ። «ያ ፍትሐት ግማሽ ላይ ቆሞ በእጄ ነው ያለው። እናቱ እንዳትጨርሰው ብላ በግዝት አስራኛለች። መጽሐፉ የተጻፈው ለሞተ ሰው ነው፣ አቤት ላለ ሰው ምን እንደሚደገም ፈልጌ አጣሁ። ከእናቱ ሌላ የሰማነው እኔና አንቺ ነን፣ እስቲ ንገሪኝ፣ ልጨርሰው ወይስ ልተወው?»

ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው አባ፣ አይሰማኝም አልኩና ዘጋሁት። ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።